ቦሌ መሀል የፈታሁት ፍሪጅ

ነገሩ በጠቅላላው ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ብር አስወጥቶኛል። መቶ ሃምሳ ሺው አስመጪው ጋ ያስቀመጥኩት የወኪልነት መያዣ ነበር። ዘጠና አንድ ሺው ግብርና ቅጣት ነው። ሠላሳ ሺህ ስምንት መቶው ለአሥራ አንድ ደንበኞች ከኪሴ የመለስኩት፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶው የመኪና፣ የቀረው አንድ ሺህ አራት መቶ ደግሞ የአንዲት ቢጫ ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ ዋጋ። ከሁሉም ያልቆጨኝ የቴስተሯ ብቻ ነው። ሌላው ቆጭቶኛል። አልቆጨኝም ብል እናንተም አታምኑኝም።

ያኔ ገርጂ ውስጥ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበረኝ፤ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያ። ቦሌ ባለ መስታወት ሕንፃ ላይ ማሳያ ያለው አንድ ትልቅ አስመጪ ወኪል ነበርኩ። እኔና ትምህርት የተለያየነው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ መርካቶ ነው። መርካቶ የሰውን ፊት ማንበብ አስተምሮኛል። የፍሪጅን ጀርባ ግን አላስተማረኝም።

በእኛ ንግድ አንድ ልማድ አለ። ዕቃው በስልሳ ስምንት ሺህ ይሸጣል፣ ደረሰኙ ላይ አርባ ሺህ ይመታል። ማሽኑ የነገሩትን ነው የሚያትመው። ገዢው አይከፋውም፤ «ሙሉ ደረሰኝ ከፈለግክ ዋጋው ይጨምራል» ሲሉት ቅናሽ የተደረገለት ይመስለዋል። ሻጩም አይከፋውም። የሚከፋው መንግሥት ነው፤ እሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ቆሞ አያይም። እኔም እንደ ጎረቤቶቼ እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ሌብነት መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የሥራው ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አስመጪው አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ዓይነት ፍሪጅ የገዛ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ቅጽ ሞልቶ ካስገባ ከከፈለው ዋጋ አሥር በመቶ ይመለስለታል። ወረቀቱን ሱቄ በር ላይ ለጠፍኩት፤ በአንድ ወር አሥራ አንድ ፍሪጅ ሸጥኩ። ከወረቀቱ ግርጌ በጉንዳን እግር የሚያክል ፊደል ሁለት መስመር ነበረች። «ማኅተሙ የተነካ ወይም በመብራት መዋዠቅ የተበላሸ ዕቃ ዋስትናም ተመላሽም አይኖረውም።» አላነበብኳትም። ደንበኞቼም አላነበቧትም፤ እኔን አምነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እትዬ ለተብርሃን አንድ የፕላስቲክ ጣሳ ይዘው ገቡ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ወተትና እርጎ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ፍሪጁን የገዙት በእቁብ ብር ነው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ ጣሳውን ከፍተው ፊቴ አስቀመጡት።

«ቅመሰው።»

«እትዬ፣ ገና ቁርስ አልበላሁም።»

«ጥሩ። ቁርስህ ነው።»

ቀመስኩት። ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ረክተው ክዳኑን መለሱ።

«የትናንት እርጎ ነው። ፍሪጅህ ካቆመ አምስት ቀኑ። ከቦሌ አንድ ባለሙያ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ አየው፣ እዚያው ጻፈና ሄደ።»

ወረቀቱን ሰጡኝ። «ሞተሩ በመብራት መዋዠቅ ተቃጥሏል። ዋስትና አይመለከተውም» ይላል።

«ስታቢላይዘር አልነበረዎትም?» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው ስህተቴ የገባኝ።

«አንተ አይደለህ የሸጥክልኝ? ያውም ፍሪጁን ካየሁ በኋላ 'እንዳይቃጠልብዎ' ብለህ አስጨምረህ!»

እውነት ነው።

«ስማ ሲሳይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ከኛ ሕንፃ ማዶ ያለው ካፌ በቀን ሃያ ሊትር እርጎ ይወስድልኛል። ያደረ አላስገባም ብዬ ከሰኞ ጀምሮ አቁሜያለሁ። ሰውዬው እስከ አርብ ማታ ነው የምታገሰው ብሎኛል። ከአርብ በኋላ ለሌላ ይሰጠዋል። ሃያ ሊትሩ ከሄደ እኔ የቀረውን ለማን ልሸጥ? የእቁቡ ዕዳ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ገባህ?»

ገባኝ። ቦሌ ደወልኩ። ማሳያውን የሚመራው ናሆም ይባላል፤ ጥሩ ልብስ፣ ጥሩ ሽቶ፣ ለሁሉም ሰው «ብራዘር»።

«ብራዘር፣ አውቀዋለሁ ኬዙን» አለ። «ያንተ ደንበኞች አራቱ አመልክተዋል፤ አራቱም መብራት ነው። እንዲያውም ልደውልልህ ነበር። አራቱ ያለ ስታቢላይዘር ሲጠቀሙ ነበር ብለህ እንደ ወኪል ፈርምልን። ፋይሉ ይዘጋል። ለአዲሱ ጭነት ሃምሳ ፍሪጅ ላንተ እይዝልሃለሁ።»

ሃምሳ ፍሪጅ! አልዋሻችሁም፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በጭንቅላቴ ሃምሳውን ሸጬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ የእርጎው ጣዕም ምላሴ ላይ መጣ።

ከሱቄ ጀርባ ባለ ኮንቴይነር ውስጥ ሰናይት የምትባል ፍሪጅ ሠሪ አለች። እኩያዬ ናት፤ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ሃያ ዓመት የሠራች። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኞቼን «እሷ ጋ ከምትወስዱት አዲስ ግዙ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህንን እንደምታውቅ የገባኝ ገና ስታየኝ ነው።

«ሲስ! መንገድ ጠፋህ ወይስ አዲስ ልትሸጥልኝ ነው?»

ነገሩን ነገርኳት። ወረቀቱን አንብባ ሳቀች።

«ሞተር መቃጠሉ በዓይን አይታወቅም። ይለካል። የለካበት ቁጥር የታለ?»

«ቁጥር የለም።»

«እንግዲያው ይሄ ወረቀት ሳይሆን አስተያየት ነው።»

«ነይ አርብ ቦሌ አብረን እንሂድና ለኪው።»

«አልሄድም። መለዋወጫ የምገዛው ከነሱ ነው። ፊቴን ካዩ ነገ አንድ ብሎን አይሸጡልኝም። አንተ ትለካለህ።»

«እኔ?»

«ፍሪጅ ስትሸጥ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ጀርባውን አይተህ ታውቃለህ?»

«ሲጫን።»

ሐሙስን ሙሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ዋልኩ። ቴስተሯን ያን ዕለት ነው የገዛሁት፤ የሷን አውሺኝ ብላት «የራስህ ዕቃ ካልሆነ አትጠነቀቅለትም» አለችኝ። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ሶኬት መንቀል ነው። «ይሄንን የረሳ ሰው ሁለተኛ ትምህርት አይወስድም» አለች። ከዚያ አሮጌ ፍሪጅ አዙራ ሞተሩን አሳየችኝ። ጎኑ ላይ ሦስት ፒን አለ፤ እላያቸው ላይ ሪሌ የሚባል የክብሪት ሳጥን የሚያክል ነገር ተሰክቷል። ሞተሩን አስነስቶ የሚተወው እሱ ነው።

«ሪሌውን አውጣው። ሦስቱን ፒን ሁለት ሁለት እያደረግክ ለካ። ሦስት ቁጥር ታገኛለህ። ሁለቱን ትንንሾች ደምራቸው።»

«ስምንትና አሥራ አምስት... ሃያ ሦስት።»

«ትልቁስ?»

«ሃያ ሦስት!»

«ሞተሩ ደህና ነው። ተቃጥሎ ቢሆን ወይ ቁጥር አይሰጥህም፣ ወይ ሂሳቡ አይገጥምም። አንድ ደግሞ ከፒኑ ወደ ቆርቆሮው ለካ፤ ምንም ማሳየት የለበትም። ይኸው ነው። እንደገና።»

እንደገና። እንደገና። ከሰዓት ላይ ጣቶቼ ጥቁር ሆነው፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሎ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ «ተማሪ ሲሳይ፣ ሶኬቱን ረሳህ» ትላለች። አሥራ አራት ዓመት ከሸጥኩት ዕቃ ጋር ገና ያን ዕለት ተዋወቅን።

ልሄድ ስል አስጠነቀቀችኝ። «ፍሪጁን አጋድማችሁ እንዳትጭኑ። ቆሞ ይሂድ። ሲደርስም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሰካ ይቁም። ሌላው፣ እዚያ የምትነቅለው ማኅተም ነው። ከተሳሳትክ ሴትዮዋ ዋስትናውንም ተመላሹንም ያጣሉ። ይህንን አስቀድመህ ንገራቸው።»

አርብ ጠዋት ከየካ አባዶ ተነሳን። ፍሪጁ ትንሽ ጭነት መኪና ላይ ቆሟል፤ እኔ ከኋላ እንደ ሙሽራ አቅፌዋለሁ፤ እትዬ ለተብርሃን ከሾፌሩ ጎን ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። አያት፣ ሲኤምሲ፣ መገናኛ። መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት «ባለ ፍሪጁ! ቀዝቃዛ ውሃ አለህ?» አለኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት፤ ሁለት እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ቦሌ ስንደርስ ዘበኛው «የተበላሸ ዕቃ በጀርባ በር ነው» አለ።

«ዘመዶቹን ሊጠይቅ ነው የመጣው» አልኩና ከሾፌሩ ጋር ተሸክመን በፊት ለፊት አስገባነው። በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ፣ ከአዳዲሶቹ መሀል አቆምነው። ውስጥ ሰባት ስምንት ገዢ ነበር። ባንኮኒው ጋ ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

ናሆም እየፈገገ መጣ። «ብራዘር፣ ምንድን ነው ይሄ? ሲስተሙ እኮ ዘግቶታል።»

«ሲስተሙ አልለካውም። እኔ ልለካው ነው።»

«አንተ?» ሳቀ። «ማኅተሙን ከነካህ አለቀ፣ አውቀሃል?»

ወደ እትዬ ለተብርሃን ዞርኩ። «እትዬ፣ ከተሳሳትኩ ሁሉንም ያጣሉ። ተመላሹንም። አይ ካሉኝ እንመልሰዋለን።»

የካፌው ሰውዬ የሚታገሰው እስከ ዛሬ ማታ ነው። ይህንን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ፍሪጁን ዞረው ጀርባው ላይ ያለውን ማኅተም ፈለጉት፤ ሲያገኙት በጥፍራቸው ጫፉን አነሱና ላጥ አድርገው ቀደዱት።

«የከፈልኩበት እኔ ነኝ» አሉ ናሆምን እያዩ። «ለካ፣ ሲሳይ።»

ካቻቪቴውን አውጥቼ ክዳኑን ፈታሁ። ሪሌውን ነቀልኩ። የቴስተሯን ሁለት ሽቦ ፒኖቹ ላይ አስነካሁ። ቴስተሯ ምንም አላለችም። እንደገና አስነካሁ። ምንም። አንዱ ገዢ «ተቃጥሏል እኮ ብለውታል» ሲል ሰማሁ፤ ናሆም እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፏል።

የዚያች ደቂቃ ርዝመት እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሴትዮዋን ይዤ ገደል የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ የሰናይት ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ «ተማሪ ሲሳይ!» ቴስተሯን አየኋት። ማዞሪያዋ አሁንም ሽቦ የሚለካበት ሳይሆን የሶኬት መብራት የሚለካበት ላይ ነው። አዞርኩት።

«አሥራ ሁለት» አልኩ።

ሌላውን። «ሃያ አንድ።»

ሦስተኛውን ከማንበቤ በፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ሞተሩ ደህና ከሆነ የሁለቱ ድምር መምጣት አለበት። ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሦስት» አሉ እትዬ ለተብርሃን ወዲያው። ወተት ሻጭ ሂሳብ አያመልጠውም።

ቴስተሯን ወደ ሰዎቹ አዞርኳት። ሠላሳ ሦስት። ወደ ቆርቆሮውም ለካሁ፤ ምንም። ሪሌውን አንስቼ ጆሮዬ አጠገብ አንቀጠቀጥኩት፤ ውስጡ እንደ ተሰበረ ብስኩት ይንኳኳል። የፍሪጁ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ፤ የሚገጠመው ሪሌ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። መነጽር ያደረገች አንዲት ገዢ ጎንበስ ብላ አነበበችው፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን።

«አይመሳሰሉም» አለች። «ሌላ ነው የተገጠመው።»

ወረቀት ይዘው ተራ ከሚጠብቁት አንዱ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ወደ እኛ ቀረቡ። «የኔም 'ሞተሩ ተቃጥሏል' ነው የሚለው። የኔን የለካው የለም።»

ናሆም ፈገግታውን ወደ ኪሱ ከተተው። ቢሮ ገባ፤ ፋይል ይዞ ወጣ። ልጁ ሞኝ አይደለም።

«እሺ ብራዘር። ስለ እውነት ካወራን እናውራ። እናቴ፣ ፍሪጁን ስንት ገዙት?»

«ስልሳ ስምንት ሺህ።»

«ደረሰኝዎ አርባ ሺህ ነው የሚለው። የመታው ይሄ ሰውዬ ነው። ተመላሽዎ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ መሆን ሲገባው አራት ሺህ የሆነው በሱ ነው።»

እትዬ ለተብርሃን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሲሳይ?»

ናሆም ቀረብ ብሎ በጆሮዬ አለኝ፤ «ና ቢሮ ግባ። አራቱን ወረቀት ፈርም። እኔም ደረሰኝ አላየሁም፣ አንተም ሪሌ አላየህም።»

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ ነበረኝ። ማሽኑ ተሳስቶ ነው ማለት እችል ነበር። ቢሮ መግባት እችል ነበር። ሁለቱንም በደንብ አውቅበታለሁ፤ ሕይወቴን የኖርኩት በነሱ ነው። ነገር ግን እኚህ ሴት ማኅተሙን በጥፍራቸው የቀደዱት እኔን አምነው ነው፤ ወረቀቱን ሳያነቡ የገዙትም እኔን አምነው ነው። ደግሞም ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። ጥፋቴን እንደ ገመድ አንገቴ ላይ አስሮ ሊጎትተኝ ያሰበ ልጅ ሲያጋጥመኝ ገመዱን ራሴ መበጠስ ደስ ይለኛል።

«እዚሁ ነው የምናወራው» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። «እውነቱን ነው። ደረሰኙን ያሳነስኩት እኔ ነኝ። የሳቸውን ብቻ አይደለም፣ የአሥራ አንዱንም። እትዬ፣ በስምዎ በተጻፈ ወረቀት ላይ ዋሽቻለሁ፤ የጎደለብዎትን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ከኪሴ እከፍላለሁ። ናሆም፣ የኔን ውሸት ሰኞ ገቢዎች ራሴ ወስጄ እከፍልበታለሁ። ያንተን ውሸት ደግሞ አሁን እዚህ ትገጥምላቸዋለህ።»

«ውክልናህ ዛሬ አበቃ» አለ።

«እሱ የኔና ያንተ ነው። ሪሌው የታለ?»

«የኔስ ሪሌ?» አሉ ሸበቶው ሰውዬ። ሁለተኛው ባለ ወረቀትም «የኔስ?» አለ። አዲስ ፍሪጅ ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት ተያዩና ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። ናሆም በዓይኑ በሩ ድረስ ሸኛቸው። የቆረጠለት ያኔ ይመስለኛል፤ እኔ ሳልሆን የወጣው ስልሳ ስምንት ሺህ ብር ነው ያሸነፈው።

ከጓዳ በኩል ቱታ የለበሱ አዛውንት ወጡ። የእትዬ ለተብርሃንን ወረቀት የጻፉት ባለሙያ እሳቸው ናቸው። ማንንም አላዩም፤ ተንበርክከው ትክክለኛውን ሪሌ ገጠሙ። ሲነሱ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ከመጀመሪያውም ሪሌው ነበር። 'መብራት ብለህ ጻፍ' ነው የተባልኩት» አሉኝ።

«አሁን ይሰካ» አለ ናሆም።

«አንድ ሰዓት መቆም አለበት» አልኩ። ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ተቀመጥን። እትዬ ለተብርሃን ለማሳያ የቀረበ ሶፋ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሃያውን ደቂቃ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ተገቢ ነበር።

ሲሰካ መጀመሪያ ጠቅ አለ፣ ከዚያ ዝግ ያለ ድምፅ አወጣ። እትዬ ለተብርሃን መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ሰላም ልጄ፣ ለተብርሃን ነኝ። ነገ ሃያውን ሊትር አመጣለሁ። ደርሻለሁ አይደል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶው።»

እዚያው ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ቆጠሩት። «እንዲህ ያለ ደረሰኝ ሁለተኛ እንዳታሳየኝ» አሉ። «ፍሪጁን ግን መልሰህ ጫንልኝ።»

ሰኞ ገቢዎች ሄድኩ። ወረቀቶቼን የተቀበለችው ልጅ አገላበጠችና «ማን ጠቆመብህ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አለቃዋን ጠራች፤ አለቃዋ ሻይ አዘዘልኝና ቅጣቱን አሰላ። ሻዩ ጥሩ ነበር። አስመጪው መያዣዬን በውሉ አንቀጽ ጠቅሶ አስቀረው። የገርጂ ጎረቤቶቼ ሰላምታቸውን አሳጠሩ፤ ነገ የነሱንም ስም የምጠራ መስሏቸው። አልጠራሁም። እያንዳንዱ ሰው ማሽኑን ራሱ ይጠይቀው።

ሱቁን ለቅቄ ከሰናይት ኮንቴይነር ጎን ሌላ ተከራየሁ። ቅዳሜና እሁድ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከአስተማሪው በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ «አባታችን» ይሉኛል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ሰናይት ውጤቴን አይታ «ሶኬቱን ነቅለሃል ማለት ነው» አለች።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ መግዛታችሁ አይቀርም። «ይመለስልዎታል» ሲሏችሁ ከታች ያለችውን ትንሿን ፊደል ሻጩ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ እኔ አንብቡልን የሚለኝ አንድ ሰው ቢገጥመኝ ኖሮ ያን ቀን እዚያው አፍር ነበር። የከፈላችሁት ስልሳ ስምንት ከሆነ ደረሰኙ ስልሳ ስምንት ይበል። ቅናሽ ነው ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ የተቀነሰው የናንተ መብት ነው። ዕቃችሁ ተቃጥሏል ያላችሁን ሰው ቁጥሩን ጠይቁት። ቁጥር ከሌለው አትፈርሙ። ቢቆጣ ይቆጣ። የእናንተ ዕቃ ነው፣ ጀርባውም የእናንተ ነው፣ የማየት መብትም የእናንተ ነው። አላውቅበትም አትበሉ፤ እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ በአንድ ቀን ነው የተማርኩት፣ ያውም ሶኬት እየረሳሁ።

ናሆም አሁንም እዚያው ነው፤ ለሰናይትም መለዋወጫ ይሸጥላታል፤ የኔን ስም ሲሰማ ግን «እሱን አላውቀውም» ይላል አሉ። እኔ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ወር የሠላሳ አንድ ፍሪጅ ጥገና ሠራሁ፤ ለሁሉም ሙሉ ደረሰኝ ቆረጥኩ። ከኪራይ፣ ከግብር፣ ከመለዋወጫና ከትምህርት ክፍያ በኋላ እጄ ላይ የቀረው አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ነው።